የትዳር አጋራቸው የውጭ ዜጋ ለሆነ ነዋሪዎች፤ ተገቢውን የቪዛ መንገድ ስለ መምረጥ

የውጭ አገር ዜጋ ያገባ ወይም ሊያገባ ያሰበ ኢትዮጵያዊ ማንኛውንም የቪዛ ቅጽ ከመሙላቱ በፊት ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል። አንደኛው የትዳር አጋሩ የያዘው ፓስፖርት የየትኛው አገር እንደሆነ፣ ሁለተኛው ደግሞ ጥንዶቹ ኑሯቸውን የሚመሠርቱት በኢትዮጵያ ወይስ በውጭ አገር እንደሆነ ነው። እነዚህ ሁለት ጉዳዮች ከሰርጉ በፊት ካልተለዩ፣ ጋብቻው የተፈጸመበት መንገድና የተገኘው ሰነድ በኋላ ከተመረጠው የቪዛ ዓይነት ጋር ሊጋጭ ይችላል። ግጭቱ የሚታወቀውም አብዛኛውን ጊዜ ወራት ከተጠበቀ በኋላ፣ በቃለ መጠይቁ ዕለት ነው።

በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ ጉዳዩ በብዛት የሚነሣው በጥር ወርና ከፋሲካ በኋላ ባለው የሰርግ ወቅት ነው። ከውጭ አገር የሚመጣው ሙሽራ ወይም ሙሽሪት የዕረፍት ጊዜው ጥቂት ሳምንታት ብቻ ስለሚሆን ሽምግልናው፣ ቀለበቱ፣ ሰርጉና መልሱ በተከታታይ ይፈጸማሉ። ሰነዱ ግን «በኋላ ይደርሳል» ተብሎ ይቆያል። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚሁ የጊዜ ቅደም ተከተል ላይ ነው።

የትዳር አጋሩ ማን ነው?

በውጭ አገር የሚኖር ሰው ሁሉ የውጭ ዜጋ አይደለም። የሌላ አገር የመኖሪያ ፈቃድ ወይም ግሪን ካርድ ይዞ የኢትዮጵያ ፓስፖርቱን ያልለወጠ ሰው ኢትዮጵያዊ ነው፤ ወደ አገሩ ለመግባትም ቪዛ አያስፈልገውም። የሌላ አገር ዜግነት በራሱ ፈቃድ የወሰደ ሰው ግን በኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ይህ ሰው «የውጭ ዜግነት ያለው የኢትዮጵያ ተወላጅ» በሚለው ምድብ ይታያል፤ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረትም በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለውን መታወቂያ ማውጣት ይችላል። ወላጁ፣ አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ ኢትዮጵያዊ የነበረ ሰውም በዚሁ አዋጅ ይካተታል፤ የኢትዮጵያ ዜግነቱን አጥቶ የኤርትራ ዜግነት ያገኘ ሰው ግን አይካተትም። ሦስተኛው ወገን ከኢትዮጵያ ጋር የትውልድ ግንኙነት የሌለው የውጭ ዜጋ ነው።

ከትዳር አጋሩ የሚጠየቀውን ሰነድ የሚወስነው ፓስፖርቱ እንጂ ስሙ፣ ቋንቋው ወይም ትውልዱ አይደለም። ደብረ ማርቆስ ተወልዶ ያደገ የአሜሪካ ዜጋ ቢጫ ካርድ ካላወጣ በስተቀር እንደማንኛውም የውጭ ዜጋ ቪዛ ያስፈልገዋል።

ኑሮው በኢትዮጵያ ከሆነ

ቢጫ ካርድ ላለው የትዳር አጋር መንገዱ አጭር ነው። ለመግባት ቪዛ፣ ለመኖር የመኖሪያ ፈቃድ፣ ተቀጥሮ ለመሥራትም የሥራ ፈቃድ አያስፈልገውም። የመምረጥና የመመረጥ መብት የለውም፤ በመከላከያ፣ በደኅንነት፣ በውጭ ጉዳይና በመሳሰሉት ተቋማት በመደበኛነት ሊቀጠርም አይችልም። ከዚህ ውጭ ባለው የዕለት ተዕለት ኑሮ ልዩነቱ እምብዛም አይታይም። ስለዚህ ተወላጅ የሆነ የትዳር አጋር ካርዱን በሚኖርበት አገር ካለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ አስቀድሞ ማውጣቱ ተመራጭ ነው።

ተወላጅ ላልሆነ የውጭ ዜጋ ግን ነገሩ ይለያል። የቱሪስት ቪዛ በኢንተርኔት በቀላሉ ስለሚገኝ ብዙዎች ይህንኑ ይዘው ይገባሉ። ለሰርግ መጥቶ ለሚመለስ ሰው በቂ ነው። በኢትዮጵያ ለመኖር ለሚመጣ ሰው ግን የቱሪስት ቪዛ የተሰጠበት ዓላማ ከሚኖርበት ዓላማ ጋር አይገጥምም፤ የቪዛው ቀን ካለፈም በየቀኑ ቅጣት ይቆጠራል። ለመኖር የሚመጣ የትዳር አጋር በአገሩ ለሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ምክንያቱን በግልጽ አመልክቶ፣ የተረጋገጠ የጋብቻ ማስረጃ አያይዞ መምጣት ይኖርበታል። ከገባ በኋላም በኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ተመዝግቦ የመኖሪያ ፈቃድ ይጠይቃል። የመኖሪያ ፈቃድ ደግሞ የሥራ ፈቃድ አይደለም። ተቀጥሮ ለመሥራት የሚፈልግ የውጭ ዜጋ የሥራ ፈቃድ ለብቻው ማግኘት አለበት፤ ኢትዮጵያዊት ማግባቱ ወይም ኢትዮጵያዊ ማግባቷ ከዚህ ግዴታ ነፃ አያደርግም።

ዜግነት ለሚፈልግ የትዳር አጋር አዋጅ ቁጥር 378/1996 ከሌሎች አመልካቾች የቀለለ መስፈርት አስቀምጧል። ሌላው የውጭ ዜጋ ቢያንስ አራት ዓመት በኢትዮጵያ መኖር ሲጠበቅበት፣ ኢትዮጵያዊ ያገባ ሰው ጋብቻው ከተፈጸመ ሁለት ዓመት ካለፈውና ከማመልከቻው በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት በኢትዮጵያ ከኖረ ማመልከት ይችላል። ሆኖም የቀድሞ ዜግነቱን መልቀቅ አለበት። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት ስለማትቀበል ብዙ ጥንዶች በመኖሪያ ፈቃድ መቆየትን ይመርጣሉ። ኢትዮጵያዊው ወገን በበኩሉ የውጭ ዜጋ በማግባቱ ብቻ ዜግነቱን አያጣም፤ ይህ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 33 ለሴትም ለወንድም በእኩል የተረጋገጠ ነው። አንዳንድ ቤተሰቦች ሴት ልጅ የውጭ ዜጋ ስታገባ ዜግነቷ ይቀራል ብለው የሚሰጉት ያለ ምክንያት ነው።

ኑሮው በውጭ አገር ከሆነ

ከደብረ ማርቆስ የሚነሡ አመልካቾች አብዛኞቹ በዚህ ክፍል ይገኛሉ፤ ስሕተቱም የሚበዛው እዚህ ነው። ቪዛውን የሚሰጠው ወይም የሚከለክለው ተቀባዩ አገር ነው፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ውሳኔውን ሊያስለውጥ አይችልም። ከኢትዮጵያ በኩል የሚወጣው ሰነድ ትክክለኛ መሆን ግን በአመልካቹ እጅ ነው።

አሜሪካንን ለምሳሌ መውሰድ ይቻላል። የአሜሪካ ዜጋ የትዳር አጋሩን ለመውሰድ ሁለት ዋና መንገዶች አሉት። የመጀመሪያው ኬ-1 የሚባለው የእጮኛ ቪዛ ነው። ጥንዶቹ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ በአካል ተገናኝተው መሆን አለባቸው፤ እጮኛዋ አሜሪካ በገባች በ90 ቀናት ውስጥም ከአመልካቹ ጋር ጋብቻ መፈጸም ይኖርባታል። ካልተጋቡ አገሩን ለቅቃ መውጣት አለባት፤ ሌላ ሰው አግብታም መቆየት አትችልም። ሁለተኛው የባልና ሚስት መንገድ ነው፤ አይ-130 በሚባለው ቅጽ ይጀመራል። በዚህ መንገድ የምትሄድ ሚስት አሜሪካ በገባችበት ዕለት ቋሚ ነዋሪ ትሆናለች። በገባችበት ቀን ጋብቻው ሁለት ዓመት ካልሞላው የሚሰጣት ካርድ ለሁለት ዓመት የሚያገለግልና ቅድመ ሁኔታ ያለበት ነው፤ ጊዜው ከማብቃቱ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ጥንዶቹ ቅድመ ሁኔታው እንዲነሣ በጋራ ማመልከት አለባቸው። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው የእጮኛ ቪዛ መጠየቅ አይችልም። የትዳር አጋሩን በባልና ሚስት መንገድ ቢያመለክትም ዓመታዊ የቁጥር ገደብ ስላለ ወረፋ ይጠብቃል፤ የዜጋ የትዳር አጋር ግን በቁጥር ገደብ አይያዝም።

የጎጃም ልማድና የቪዛው ሕግ የሚጋጩት እዚህ ላይ ነው። በኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ ጋብቻ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት ወይም በባህል ሊፈጸም ይችላል፤ ሦስቱም እኩል የጸና ውጤት አላቸው። የክልሉ ነዋሪዎች የሚዳኙበት የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995ም የሚከተለው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ሽማግሌ ተልኮ፣ ጥሎሽ ተጥሎ፣ ድንኳን ተተክሎና ሚዜ ቆሞ የተደረገ ሰርግ በቀበሌ ባይመዘገብም ጋብቻ ነው ሊባል ይችላል። አንዲት የከተማዋ ነዋሪ እንዲህ ያለ ሰርግ ከደገሰች በኋላ ባልየው «የእጮኛ ቪዛ ይፈጥናል» ተብሎ ተመክሮ ኬ-1 ቢያመለክት፣ የቆንስላው መኮንን የሰርጉን ፎቶግራፍ ተመልክቶ «እናንተ ተጋብታችኋል» ብሎ ሊከለክል ይችላል። በዚያው ቅጽበት የባልና ሚስት ቪዛ እንጠይቅ ቢሉ ደግሞ የጋብቻ የምስክር ወረቀት በእጃቸው የለም። ለእጮኛ ቪዛ ተጋብተዋል፣ ለባልና ሚስት ቪዛ አልተጋቡም ማለት ነው። ሁሉንም ከመጀመሪያው መጀመር ይኖርባቸዋል።

ከዚህ የሚወጣው ምክር ግልጽ ነው። ሰርግ የደገሱ ጥንዶች ጋብቻቸውን አስመዝግበው በባልና ሚስት መንገድ ይሂዱ። በእጮኛነት መሄድ የመረጡ ጥንዶች ሰርጉን አሜሪካ እስኪደርሱ ያቆዩ፤ ቀለበቱን ቢያደርጉም የሰርግ መልክ እንዳይዝ ለቤተሰብ አስቀድመው ያስረዱ። ቤተሰብ ይህን ለመቀበል እንደሚቸገር ይታወቃል፤ ልጅን ያለ ሰርግ መሸኘት በአካባቢው ቀላል ነገር አይደለም። ይህ ካልሆነላቸው ሰርጉን ደግሶ፣ አስመዝግቦ፣ የባልና ሚስቱን መንገድ በትዕግሥት መጠበቅ የተሻለ ነው።

ሌሎች አገሮች የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ካናዳ የእጮኛ ቪዛ የላትም። እንግሊዝ የእጮኛ ቪዛ ትሰጣለች፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ለአዲስ አመልካቾች 29,000 ፓውንድ ዓመታዊ ገቢን ዝቅተኛ መስፈርት አድርጋለች። ጀርመን ከመነሻው የቋንቋ ፈተና ትጠይቃለች፤ ዝግጅቱ ወራት ስለሚወስድ አመልካቹ ከሰርጉ በፊት ትምህርቱን ቢጀምር ጊዜ ያተርፋል።

በውክልና ስለሚደረግ ጋብቻ

አንደኛው ወገን መምጣት ሳይችል ሲቀር በወኪል መጋባት እንደ መፍትሔ ይነሣል። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንቀጽ 12 ተጋቢዎች ራሳቸው በአካል ተገኝተው ፈቃዳቸውን እንዲሰጡ ያዝዛል፤ በወኪል መጋባት የሚፈቀደው ከባድ ምክንያት መኖሩ ተረጋግጦ ከፍትሕ ሚኒስቴር ፈቃድ ሲገኝ ብቻ ነው። ፈቃዱ ቢገኝም አስቸጋሪው ነገር ከዚያ በኋላ ይመጣል። ካናዳ ከጥንዶቹ አንዱ በአካል ያልተገኘበትን ጋብቻ ለስፖንሰርነት አትቀበልም፤ አሜሪካም ጥንዶቹ ከጋብቻው በኋላ በአካል ተገናኝተው አብረው ካልኖሩ በስተቀር አትቀበለውም። ወደ እነዚህ አገሮች ለመሄድ ያሰበ ሰው በወኪል ባይጋባ ይመረጣል።

ሰነዶቹ

ጋብቻ በየትኛውም ሥርዓት ይፈጸም፣ በወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በ30 ቀናት ውስጥ በሚመለከተው የቀበሌ ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት። የቤተ ክርስቲያን የተክሊል ወይም የቁርባን ወረቀት ለምዝገባው ማስረጃ ይሆናል እንጂ የጋብቻ የምስክር ወረቀቱን አይተካም። የውጭ ዜጋው ከፓስፖርቱና ከቪዛው ጋር ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ የተረጋገጠ ማስረጃ ስለሚጠየቅ፣ ይህን ይዞ ካልመጣ የዕረፍት ጊዜው ሊያልቅበት ይችላል። ለውጭ አገር የሚቀርብ የኢትዮጵያ ሰነድ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፤ ከውጭ የሚመጣ ሰነድ ደግሞ በዚያ አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ አልፎ መምጣት አለበት። ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ፣ ነዋሪዎች ሰነዶቻቸውን አሟልተው በአንድ ጉዞ ቢጨርሱ ወጪና ድካም ይቀንሳሉ።

ቀደም ሲል አግብቶ የፈታ ሰው የፍርድ ቤት የፍቺ ውሳኔ ያስፈልገዋል። ሽማግሌዎች አስታርቀውም ሆነ አለያይተው የጻፉት ውል ለቤተሰቡ ክብር ያለው ቢሆንም በኤምባሲ ፊት የፍቺ ማስረጃ አይሆንም።

ቀንና ስም ደግሞ ከሚታሰበው በላይ ጉዳይ ያጓትታሉ። በ2017 ጥር 11 የተጋቡ ጥንዶች የጋብቻ ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር ጃንዋሪ 19 ቀን 2025 ነው። በ2016 ጥር 11 የተጋቡት ግን ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 ይሆናል፤ የ2015 ዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለነበራት በተከታዩ ዘመነ ዮሐንስ እስከ የካቲት ድረስ ቀኑ በአንድ ይገፋል። ተርጓሚው በልማድ 19 ብሎ ከጻፈ የምስክር ወረቀቱና የማመልከቻ ቅጹ በአንድ ቀን ይለያያሉ። ስምም እንዲሁ ነው። «ፀ» በላቲን ፊደል በአንዱ ሰነድ በሁለት ፊደል፣ በሌላው በአንድ ሊጻፍ ይችላል፤ ውጭ የሚኖረው ወገን የአያቱን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ፣ አገር ቤት ያለው ወገን ደግሞ በአባት ስም ሊመዘገቡ ይችላሉ። ሁሉም ሰነድ በፓስፖርቱ አጻጻፍ እንዲወጣ ምዝገባው ላይ ቆሞ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ በኋላ ማስተካከል ከመጀመሪያው ምዝገባ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል።

ዲቪ ሎተሪ የሚሞላ ያገባ ሰው የትዳር አጋሩን ስም በቅጹ ላይ ማስፈር ግዴታው ነው፤ ሳይጠቅስ የቀረ ሰው ዕድሉ ቢወጣለትም ከውድድሩ ይሰረዛል። ያልተመዘገበ የባህል ጋብቻ ያላቸው አመልካቾች «ነጠላ» ብለው ከመሙላታቸው በፊት ከላይ ስለ ሰርግ የተባለውን ሊያስታውሱ ይገባል።

ከጋብቻው ልጅ ሲወለድ፣ ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ልጁም በትውልድ ኢትዮጵያዊ ነው። በሌላው ወላጅ በኩል የውጭ ዜግነት ካገኘ ግን ለአካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ዜግነት ትቶ በኢትዮጵያዊነቱ መቀጠል እንደሚፈልግ ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ አለበት፤ ካላሳወቀ የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ወላጆች ልደቱን በ90 ቀናት ውስጥ ካስመዘገቡ ለዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው ማስረጃ አብሮ ይቀመጣል።