ካያክ የሚቀዘፈው በእግርም ነው፦ መርገጫውና ጠፍሩ

ካያክ ጠባብና ረጅም ታንኳ ነው። ቀዛፊው ፊቱን ወደሚሄድበት አቅጣጫ አድርጎ ይቀመጣል፤ በሁለቱም ጫፉ ሰፊ የሆነ አንድ መቅዘፊያ ይዞ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ይቀዝፋል። የአንድ ሰው የውድድር ካያክ ርዝመቱ ከ5.20 ሜትር አይበልጥም፤ ክብደቱም ከ12 ኪሎ አያንስም። ስፖርቱ እ.ኤ.አ. በ1936 በበርሊን ወደ ኦሎምፒክ ገባ። በእስራኤል ስሙን ያስጠራው በታሽከንት የተወለደው ሚካኤል ኮልጋኖቭ ነው፤ በ2000 በሲድኒ በ500 ሜትር የነሐስ ሜዳልያ አግኝቷል።

ከዳር ቆሞ ለሚመለከት ሰው የሚታየው የክንድ ሥራ ነው። እግሮቹ ታንኳው ውስጥ ስለሆኑ ብዙ ሰው፣ ጀማሪ ቀዛፊም ጭምር፣ ነገሩ ሁሉ የክንድ ጉልበት ይመስለዋል። የስዊድን ተመራማሪዎች በ2016 ባሳተሙት ጥናት ይህን ፈትነውታል። አምስት ምርጥ ቀዛፊዎች መጀመሪያ እንደ ልማዳቸው ባለ በሌለ ኃይላቸው ቀዘፉ። ጥቂት አርፈው ደግሞ ጉልበታቸው እንዳይተጣጠፍ ተደርጎ እንደገና ቀዘፉ። መቅዘፊያው ላይ ያረፈው ኃይል በ21 በመቶ፣ የካያኩ ፍጥነት በ16 በመቶ ቀነሰ። አሸናፊው በሰከንድ ክፍልፋይ በሚለይበት ውድድር ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። መቅዘፊያው ውሃ ውስጥ ሲገባ እንደ ተተከለ ካስማ ይቆጠራል። ቀዛፊው ራሱን ወደ ካስማው ይስባል፤ ያ ጉልበት ወደ ታንኳው የሚሻገረው በአብዛኛው በእግር በኩል ነው። ለዚህም ከፊት ለፊቱ መርገጫ የሚሆን ጠንካራ ሳንቃ አለ። ከሳንቃው ላይ የእግሩን ጀርባ የሚያቅፍ ጠፍር ተዘርግቷል።

በቀኝ ሲቀዝፍ መቅዘፊያውን ከእግሩ ጣቶች አጠገብ ውሃ ውስጥ ይከታል። በዚያው ቅጽበት ቀኝ እግሩ መርገጫውን ይገፋል፤ ታጥፎ የነበረው ጉልበቱ ይዘረጋል፤ ቀኝ ዳሌው ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ወገቡና ትከሻው አብረው ይዞራሉ። ቀኝ ክንዱ መጀመሪያ ላይ ቀጥ እንዳለ ይቆያል። በግራ ሲቀዝፍ ሁሉም ይገለበጣል።

ታዲያ በዚህ ጊዜ ሌላኛው እግር ሥራ ፈቶ ይቀመጣል? ጠፍሩ የተሠራው ለእሱ ነው። ቀኝ እግር ሲገፋ ግራ እግር ጠፍሩን ወደ ራሱ ይስባል፤ ግራ ጉልበት ይታጠፋል፤ ግራ ዳሌ ወደ ፊት ይመጣል። የመኪና መሪ የሚያዞር ሰው አንድ እጁ ወደ ላይ ሲገፋ ሌላው ወደ ታች እንደሚስበው፣ ዳሌም በሁለቱ እግሮች ይዞራል። ጠፍሩ ከሌለ የሚስበው እግር ከመርገጫው ይነሳል እንጂ የሚይዘው ነገር የለውም።

በጀማሪዎች ላይ በብዛት የሚታየው ስህተት ጉልበታቸው ብስክሌት እንደሚነዳ ሰው ከፍ ዝቅ ሲል ዳሌያቸው ከመቀመጫው አለመንቀሳቀሱ ነው። ያ ድካም ብቻ ነው። መርገጫው ከራቀ እግር አስቀድሞ ስለተዘረጋ የሚገፋበት አቅም አይተርፈውም፤ ከቀረበ ደግሞ ጉልበት ከፍ ብሎ መንገድ ይዘጋል።

ጠፍሩ ከላላ ጥቅም የለውም፤ ከጠበቀ ደግሞ እግር ያደነዝዛል፤ ከዚያም የከፋ አደጋ አለው። የውድድር ካያክ በቀላሉ ይገለበጣል። ስለዚህ እግር ከጠፍሩ ሥር ይገባል እንጂ በምንም መንገድ አይታሰርበትም፤ ሲጎተት ወዲያው ሾልኮ መውጣት አለበት። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ቀዘፋ ሊጀምር ከሆነ፣ ይህን ውሃ ውስጥ ሳይገባ በደረቅ መሬት ላይ መሞከር ይገባዋል።

ካያክ በ2016 በሪዮ የፓራሊምፒክ ውድድር ሲሆን አካል ጉዳተኛ ቀዛፊዎች በሦስት ምድብ ተከፍለው ተወዳድረዋል። ከሚመደቡባቸው መለኪያዎች አንዱ እግራቸው መርገጫውን ምን ያህል መግፋት እንደሚችል ነው።