የፍርሃት ብርክ

ታክሲው ከመገናኛ ተነስቶ ሃያ ሁለት ሳይደርስ፣ መስኮት ጥግ የተቀመጠው ወጣት ልቡ ድው ድው ማለት ይጀምራል። ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፣ ላብ ያጠምቀዋል። የሚያሳድደው የለም፤ እሱ ግን «አለቀልኝ» እያለ ነው። «ወራጅ አለ!» ብሎ ይወርዳል። በነጋታው ታክሲ ከመያዝ በእግሩ መኳተን ይመርጣል።

ሐኪሞች ፓኒክ አታክ ይሉታል። ስሙ የተወረሰው፣ በዱር መንጋና እረኛን ያስበረግጋል ከሚባለው ፓን ከተሰኘው የግሪኮች አምላክ ነው። በአማርኛ «የድንጋጤ ጥቃት» የሚሉት አሉ። እኔን አልጣመኝም። ጥቃት ሲባል ሰው አጥቂ ይፈልጋል፤ እዚህ አጥቂ የለም። «የሽብር ጥቃት» ከተባለማ የሚጠራው ፖሊስ ነው።

እኔ «የፍርሃት ብርክ» ብየዋለሁ። በግእዝ ብርክ ጉልበት ነው፤ በአማርኛ ደግሞ ጉልበትን የሚያብረከርክ መንቀጥቀጥ። ሁሉም አይንቀጠቀጥም፣ እውነት ነው። ቃሉን የወደድኩት ግን ለግሱ ነው፤ ብርክ ይይዛል፣ ብርክ ይለቃል።

ደግሞም ይለቃል። አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ይበረታና ከዚያ ይረግባል። ልብን የሚያስሮጠው አድሬናሊን ነው። ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከልክ በላይ ስለሚያስወጣ ራሱን ያዞረዋል፣ ጣቱ ይደነዝዛል። የብሪታንያው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዴቪድ ክላርክ በ1986 እ.ኤ.አ. እንዳስረዱት ነገሩን የሚያባብሰው ትርጓሜው ነው፦ የልቡን ምት «ልቤ ሊቆም ነው» ብሎ የተረጎመ ይፈራል፤ ሲፈራ ምቱ ይብሳል።

በእርግጥ የደረት ሕመም አይናቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ሰው ሐኪም ዘንድ ሄዶ ልቡን ይታይ። ብርክ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ግን መታገል አይበጅም። ትንፋሽን ከማስገባት ይልቅ ማስወጣቱን ማርዘም፣ «ያዘኝ፣ ይለቀኛል» ማለት፣ ከሁሉም በላይ ከታክሲው አለመውረድ። ይህ የመጨረሻው ነው ከባዱ። የወረደ ሰው ያዳነው መውረዱ ይመስለዋል፤ ባይወርድም ይለቀው እንደነበር የሚያይበትን ዕድል ያጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ ዛሬ ታክሲ፣ ነገ ገበያ፣ ከነገ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን ይቀራል። የሚደጋገምበት ሰው በንግግር ሕክምናም በመድኃኒትም ይረዳል።

ቡና ወዳጆች ይቅር ይበሉኝና፣ ካፌይን ብርኩን ሊቀሰቅስ ይችላል። ቶናው ላይ ቆሞ በረካውን ለጎረቤት መተው ነው።

ከወጣቱ አጠገብ የተቀመጠ ተሳፋሪስ? መስኮቱን ይክፈትለት፤ «ምን ነካህ?» እያለ ግን አያዋክበው። «አይዞህ፣ ይለቅሃል» ብሎ እስከ ስታዲየም አብሮት ይቀመጥ።