ከእንቁጣጣሽ እስከ ቡሄ

ቀረብ በሉ፤ እናንተም የጨርቅ ኳሳችሁን አስቀምጡና አዳምጡኝ። እዚህ ገሱባ ኳስ ከተነሳ ወላይታ ድቻ ይነሳል፤ ደግሞም ይገባዋል። በመጋቢት 2010 የጦና ንቦች ካይሮ ድረስ ሄደው ዛማሌክን በመለያ ምት ሲጥሉት ያልጮኸ ማን አለ? እኔ ያን ምሽት ትዝ ያሉኝ ግን ከ56 ዓመት በፊት ግብጽን የረቱት አሰልጣኝ ናቸው።

ይድነቃቸው ተሰማ ይባላሉ። የባለቅኔው የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ናቸው። መስከረም 1 ቀን 1914 በእንቁጣጣሽ ዕለት ጅማ ተወለዱ። ለቅዱስ ጊዮርጊስ 23 ዓመት ተጫወቱ። ልብ በሉ፣ 23 ዓመት በአንድ ማሊያ! ከዚያ ብሔራዊ ቡድኑን ያዙ።

ጥር 13 ቀን 1954። አዲስ አበባ። የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ። ጃንሆይ ተቀምጠዋል። ግብጽ ቀድማ አገባች። ተክሌ ኪዳኔ አቻ አደረገ። ጭብጨባው ሳይበርድ ግብጽ ደገመች። ሰዓቱ እያለቀ ነው፤ 6 ደቂቃ ቀርቷል። ይኼኔ ሉቺያኖ ቫሳሎ መታት፤ 2 ለ 2! ጭማሪ ሰዓት ተገባ። የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛዋን አገባ፤ መንግሥቱ ወርቁ በአራተኛዋ ዘጋው። ዋንጫውን አምበሉ ሉቺያኖ ከጃንሆይ እጅ ተቀበለ። ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ ያንን ዋንጫ አላነሳችም።

እኔ ግን ከዋንጫውም በላይ የማከብርላቸው ካርቱም ላይ የሠሩትን ነው። በ1949 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት አገሮቹ አራት ብቻ ነበሩ፦ ግብጽ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ ካልሆነ ቡድን አልልክም አለች። ይድነቃቸውና ባልደረቦቻቸው አሻፈረን አሉ። አስቡት፣ ከአራት አንዱን ማስቀረት! የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በሦስት አገር ተካሄደ።

በ1964 የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ለ15 ዓመት፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ ያን በር ለአፓርታይድ አልከፈቱም። ነሐሴ 13 ቀን 1979፣ ልጆች ሆያ ሆዬ በሚሉበት በቡሄ ዕለት አረፉ። ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጩን በአንድ ማሊያ አሰልፋ ወደ አፍሪካ ሜዳ የተመለሰችው ከዚያ 5 ዓመት ቆይታ ነው።