ሞርጌጅ

ቤት፣ ሕንፃ ወይም ሌላ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለብድር ዋስትና የሚሆንበት መያዣ ነው። ተበዳሪው በንብረቱ እየተገለገለ ዕዳውን ይከፍላል፤ ካልከፈለ አበዳሪው ንብረቱን አሽጦ ገንዘቡን ያስመልሳል።

ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከጥንታዊው ፈረንሳይኛ ሲሆን ፍቺው «የሞተ መያዣ» ነው። የሞተው ምኑ ነው በሚለው ላይ ግን የሕግ ሊቃውንት አልተስማሙም። በ12ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ የተጻፈው፣ ግላንቪል በሚል ስም የሚታወቀው የእንግሊዝ የሕግ ድርሳን፣ «ሕያው» እና «የሞተ» መያዣን ይለያል። በመጀመሪያው የመሬቱ ምርት ዕዳውን እየቀነሰ ይሄዳል፤ በሁለተኛው አበዳሪው ምርቱን ይበላል፣ ዕዳው ግን ንቅንቅ አይልም። ድርሳኑ ይህን ከአራጣ ቆጥሮ ያወግዘዋል፤ የንጉሡ ፍርድ ቤት ግን አልከለከለውም።

እ.ኤ.አ. በ1481 የሞተው ዳኛ ቶማስ ሊትልተን ሌላ ፍቺ ሰጠ፦ ባለዕዳው በቀኑ ካልከፈለ መሬቱ ለእርሱ ሞተ፤ ከከፈለ ደግሞ መያዣው ለአበዳሪው ሞተ። አፍ የሚሞላ ትንታኔ በመሆኑ ይመስላል ዛሬም ብዙዎች የሚጠቅሱት ይህንኑ ነው፤ በዕድሜ የሚቀድመው ግን የግላንቪል ነው።

በኢትዮጵያ ለዚያ ለጥንቱ «የሞተ መያዣ» የሚቀርበው ወለድ አገድ ነው፤ አበዳሪው መሬቱን ይዞ በወለድ ፈንታ ምርቱን ይበላል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ወለድ አገድን ከማይንቀሳቀስ ንብረት መያዣ ለይቶ ይደነግጋል። ባንኮች የሚጠቀሙት በመያዣው ሲሆን፣ መያዣው የሚጸናው በጽሑፍ ተደርጎ ሲመዘገብ ነው።