የፎቶግራፍ ሸክም እንዴት ቀለለ
ስለ ሥዕል እመቃ አጭር ታሪክ

ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የቀረበ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይላሉ አባቶቻችን። ዛሬ በዚህ መጽሔት ላይ ልንተርከው ያሰብነው ታሪክም የሸክም ታሪክ ነው፤ ሸክሙ ግን ፎቶግራፍ ነው። በእጃችን በያዝነው ስልክ ላይ በቅጽበት ብቅ የሚለው ሥዕል ከዚህ ደረጃ እስኪደርስ ድረስ፥ የብዙ አገር ሊቃውንት እየተቀባበሉ ከስድሳ ዓመት በላይ ደክመውበታል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ኮምፒዩተር ከቍጥር በቀር የሚያውቀው ነገር የለም። ስለዚህ ፎቶግራፍ እንዲገባው ከተፈለገ አስቀድሞ ወደ ቍጥር መለወጥ አለበት። በዚህ ሥራ በቀዳሚነት ስሙ የሚነሣው አሜሪካዊው ራስል ኪርሽ ነው። ኪርሽ በ1957 ዓ.ም. የሕፃን ልጁን ፎቶግራፍ በመሣሪያ አስነብቦ፥ በወርዱ 176፥ በቁመቱም 176 ነጠብጣብ አድርጎ ከኮምፒዩተር አስገባው። ነጠብጣቦቹ በጠቅላላው 30,976 ነበሩ። እነዚህ ነጠብጣቦች ዛሬ ፒክሰል ይባላሉ።

የዘመናችን ፎቶግራፍ ግን ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ወርዱ 1,920፥ ቁመቱ 1,080 ፒክሰል የሆነ አንድ ሥዕል 2,073,600 ነጠብጣቦች አሉት። ለእያንዳንዱ ነጠብጣብ የቀዩ፥ የአረንጓዴውና የሰማያዊው ቀለም መጠን በ3 ባይት ይጻፋል። እንግዲህ ሥዕሉ ምንም ሳይታመቅ፥ ቢትማፕ በሚባለው ፎርማት እንደተለመደው ቢቀመጥ፥ 6,220,800 ባይት ይሆናል ማለት ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ይሠራበት በነበረው፥ በሴኮንድ 14,400 ቢት በሚያስተላልፍ የስልክ ሞደም ይህን አንድ ሥዕል ለመላክ ከ57 ደቂቃ በላይ ይፈጅ ነበር። ያልታመቀ ሥዕል ከነገለባው እንደተጫነ እህል ነው፤ አህያውን ያደክማል እንጂ ለበላተኛው ምንም አይጨምርለትም።

ይህን ሸክም የማቅለሉ ጥበብ መሠረቱ የተጣለው በ1948 ዓ.ም. ነው። በቤል ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ክሎድ ሻነን ባሳተመው ጥናት፥ በአንድ መልእክት ውስጥ ያለው አዲስ ነገር በሒሳብ ሊለካ እንደሚችል፥ ተደጋጋሚው ክፍል ግን ቢቀነስ መልእክቱ እንደማይጎድል አስረዳ።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ታሪክ በተለይ እኛን ተማሪዎችን ይመለከታል። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ያስተምር የነበረው ሮበርት ፋኖ በ1951 ዓ.ም. ለተማሪዎቹ ምርጫ ሰጣቸው፤ ወይ የመጨረሻውን ፈተና ይፈተናሉ፥ ወይም ስለ አንድ ከባድ ጥያቄ ጽሑፍ ያቀርባሉ። ጥያቄው ፊደሎችንና ቍጥሮችን ከሁሉ ባጠረ ምልክት እንዴት መጻፍ ይቻላል የሚል ነበር። መምህሩ ራሱ ፍጹም የሆነውን መልስ ገና አላገኘውም ነበር፤ ይህን ግን ለተማሪዎቹ አልነገራቸውም። ዴቪድ ሃፍማን የተባለው ተማሪ ለወራት ደክሞ፥ ተስፋ ቈርጦ ለፈተናው ሊያጠና ሲል መልሱ ተገለጠለት። አዘውትሮ ለሚመጣው አጭር ምልክት፥ ከስንት አንዴ ለሚመጣው ረጅም ምልክት መስጠት የሚለውን ሐሳብ ከታች ወደ ላይ በሚሠራ ዘዴ ፍጹም አደረገው። ጽሑፉ በ1952 ዓ.ም. ታተመ። ይህ የተማሪ ሥራ እስከ ዛሬ ድረስ በብዙ የሥዕል ፎርማቶች ውስጥ ያገለግላል።

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ያዕቆብ ዚቭና አብርሃም ሌምፔል የተባሉ የእስራኤል ሊቃውንት ሌላ መንገድ ከፈቱ፤ ይኸውም አንድ ጊዜ የተጻፈውን ደግሞ ከመጻፍ ይልቅ «ቀድሞ ከተጻፈው ቦታ ተመልከት» ብሎ ማመልከት ነው። ቴሪ ዌልች በ1984 ዓ.ም. ይህን አሻሻለው። ኮምፑሰርቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያም በ1987 ዓ.ም. በዚሁ ዘዴ ጂፍ የተባለውን ፎርማት አወጣ። ጂፍ በአንድ ሥዕል ከ256 የበለጡ ቀለሞችን አይዝም ነበር።

ነገር ግን ዘዴው በባለቤትነት መብት የተያዘ ነበርና፥ በ1994 ዓ.ም. መጨረሻ ጂፍን የሚሠሩ ፕሮግራሞች ለመብቱ ባለቤት ለዩኒሲስ ክፍያ እንዲከፍሉ ሲነገር ታላቅ ቅሬታ ተነሣ። ብዙ ባለሙያዎች ተባብረው ማንም ሰው ያለ ክፍያ የሚጠቀምበትን ፒ.ኤን.ጂ.ን አዘጋጁ፤ እርሱም በ1996 ዓ.ም. የድረ ገጽ ደንብ ሆኖ ጸደቀ። በዚህ የሃምሳው ሎሚ ተረት እውነትነት ተገለጠ።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ምንም ሳይጣል የሚደረግ እመቃ ነው፤ እህሉን በስልቻ ውስጥ ጠቅጥቆ እንደ መክተት ይቈጠራል። ሁለተኛው ዓይነት እመቃ ግን እንደ ማበጠር ነው፤ ዓይን የማያስተውለው እየተለየ ይጣላል። ለዚህ በር የከፈተው የሕንድ ተወላጁ ናሲር አሕመድ ነበር። በ1972 ዓ.ም. ለጥናቱ ገንዘብ እንዲሰጠው የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ድርጅት ቢጠይቅ አልተፈቀደለትም። እርሱ ግን ሥራውን አልተወም፤ ከናታራጃንና ከራኦ ጋር ሆኖ በ1974 ዓ.ም. ውጤቱን አሳተመ። በ1992 ዓ.ም. የጸደቀው ጄፔግ የተመሠረተው በዚህ ዘዴ ላይ ነው። ጄፔግ ሥዕሉን ወርዱና ቁመቱ ስምንት ስምንት ፒክሰል በሆነ ቍራጭ ይከፍለዋል፤ በየቍራጩ ውስጥ ያለውን ዝግ ያለ የብርሃን ለውጥ ይጠብቃል፥ ዓይን እምብዛም የማይለየውን ጥቃቅን ለውጥ ግን ይቀንሳል።

በመስከረም ወር 2010 ዓ.ም. ጉግል ዌብፒ የተባለውን ፎርማት ለዓለም አስታወቀ። መነሻው ለተንቀሳቃሽ ሥዕል የተዘጋጀ ዘዴ ነበር። ዌብፒ አንዱን ቍራጭ ከላዩና ከግራው ካሉት ጎረቤቶቹ አስቀድሞ ይገምታል፤ ከዚያ በኋላ የሚጽፈው ግምቱ የሳተውን ልዩነት ብቻ ነው። ኩባንያው ባደረገው ማነጻጸሪያ፥ በእኩል ጥራት ከጄፔግ ከ25 እስከ 34 በመቶ፥ ምንም ሳይጣል ሲታመቅ ደግሞ ከፒ.ኤን.ጂ. 26 በመቶ ያህል ያንሳል። ሆኖም ሁሉም ወዲያው አልተቀበሉትም። ፋየርፎክስ በ2019፥ የአፕል ሳፋሪ በ2020 ዓ.ም. ተቀበሉት። በዚያው በ2019 ዓ.ም. አቪፍ የተባለ ከእርሱም የባሰ የሚያምቅ ፎርማት ደንብ ወጣለት።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይጠቅመናል የሚል ቢኖር፥ መልሱ ቀላል ነው። በአገራችን ብዙ ሰው ኢንተርኔት የሚጠቀመው በሜጋባይት ተለክቶ በሚሸጥ ጥቅል ነው። በአንድ ድረ ገጽ ላይ ከላይ የተናገርነውን የሚያህሉ ዐሥር ያልታመቁ ሥዕሎች ቢኖሩ፥ አንድ ወላጅ ገጹን ለማየት ከ62 ሜጋባይት በላይ ይከፍላል። እያንዳንዱ ሥዕል ወደ 300 ኪሎባይት ቢታመቅ ግን 3 ሜጋባይት ይበቃዋል። ሥዕልን ሳያምቁ መስቀል የራስን ስንፍና በሌላው ኪስ ማስከፈል ነው።

ይሁን እንጂ ገለባ ሲጣል ፍሬው አብሮ እንዳይጣል መጠንቀቅ ያሻል። በ2013 ዓ.ም. ጀርመናዊው ዴቪድ ክሪዝል የዜሮክስ መሣሪያዎች በእመቃ ምክንያት በሰነድ ላይ ያሉ ቍጥሮችን፥ ለምሳሌ 6ን በ8፥ ሲለውጡ አግኝቶ አጋለጠ። ሰነዱ ንጹሕ ሆኖ ይታያል፤ ቍጥሩ ግን ሐሰት ነው። የእኛም ፊደል ይህን ያህል ረቂቅ ነው፤ «ሉ» እና «ሊ» የሚለያዩት በአንዲት ቅጥል ቦታ ብቻ ነውና፥ በትንሹ የተጻፈ ገጽ ከመጠን በላይ ቢታመቅ ንባቡ ይበላሻል። እንዲሁም በ2023 ዓ.ም. በዌብፒ ፕሮግራም ውስጥ የሃፍማንን ሰንጠረዥ በሚሠራው ክፍል አደገኛ ጉድለት ተገኝቶ፥ ብራውዘሮች በጥድፊያ ታድሰዋል። ስለዚህ ፕሮግራምን በየጊዜው ማደስ ግዴታ ነው።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ደንብ አጭር ነው። ፎቶግራፍ በመጠኑ እየተጣለለት ይታመቅ፤ ጽሑፍ፥ ካርታና የሒሳብ ሥዕል ግን ምንም ሳይጣል ይታመቅ። የፋይሉን ስም መጨረሻ ብቻ መለወጥ ሥዕሉን አያቀልለውምና በትክክለኛ ፕሮግራም ይለወጥ። የተለወጠውም ሥዕል ከዋናው ጋር በዓይን ይመርመር። ከሁሉም በላይ ዋናው ቅጂ ተለይቶ በጥንቃቄ ይቀመጥ፤ አንድ ጊዜ የተጣለ ነገር ተመልሶ አይመጣምና። በዚህ በዓል ቀን የሚነሡት ፎቶግራፎች ከሃምሳ ዓመት በኋላ ለሚመጡት ተማሪዎች ታሪክ ናቸው። ለተመልካች ቀላሉን እንላክ፤ ለትውልድ ሙሉውን እናቈይ።