በዋልካ ላይ መሠረት መጣል፦ ከጭቃ ቤት እስከ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም

ኮዬ ፈጬ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ ከሚገኙት ትልልቅ የጋራ መኖሪያ ሠፈሮች አንዱ ነው። ሕንፃዎቹ ከመቆማቸው በፊት ቦታው የገበሬ ማሳ ነበር፤ የመሠረቱም ታሪክ የሚጀምረው ከማሳው አፈር ነው። ቦታው ያለበት የአቃቂ ሜዳ ዋልካ ነው፤ ኦሮምኛ ተናጋሪው ገበሬ ኮቲቻ ይለዋል። ከእሳተ ገሞራ ዐለት ብስባሽ የተፈጠረና ውሃ የሚመጥ የሸክላ ማዕድን የበዛበት በመሆኑ በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በመላ ኢትዮጵያ እንዲህ ያለው መሬት ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ይገመታል።

እብጠቱ ብቻውን ቤት አያፈርስም። የሚያፈርሰው እኩል አለመሆኑ ነው። በቤቱ መካከል ያለው አፈር ተሸፍኖ እርጥበቱን ይዞ ሲቆይ፣ ጠርዝ ጠርዙ ግን ከዝናብና ከፀሐይ ጋር ይነሣል፣ ይወርዳል። ግድግዳው በሁለት አቅጣጫ ይጎተትና ከመስኮትና ከበር ማዕዘን ጀምሮ ሰያፍ ይሰነጠቃል።

የጥንቱ ጭቃ ቤት ይህን ጠባይ ችሎ ይኖር ነበር። ቋሚዎቹ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ይተከላሉ፣ በማገር ይያያዛሉ፣ በጭድ ጭቃ ይመረጋሉ። እንጨቱ ከአፈሩ ጋር ትንሽ ይታጠፋል፤ የተሰነጠቀው ምርጊት በበጋ ይታደሳል። ከሁሉ በላይ ቤቱ ከፍ ያለ ቦታ ተመርጦለት ይሠራል፣ ዙሪያውንም ቦይ ይቆፈርለታል። ገበሬው ማሳውን ከሚተኛበት ውሃ ፈሰስ በሚባለው ቦይ እንደሚያድነው ሁሉ ቤቱንም ያድናል። ይህ ቦይ ትንሽ ነገር ቢመስልም፣ በዋልካ ላይ ከተፈለሰፉት መላዎች ሁሉ ቀዳሚውና አሁንም ተገቢውን ዋጋ ያላገኘው ነው።

በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ በመጀመሪያ ያደገችው ጠንከር ባለው የሰሜንና የመካከል ኮረብታዎች ላይ ነበር። የድንጋይ መሠረትና ግንብ በዚያ ጸና። ከተማው ወደ ቦሌ፣ ወደ ቃሊቲና ወደ አቃቂ ሲወርድ ግን ያው የድንጋይ ግንብ ዋልካ ላይ መሰንጠቅ ጀመረ፤ ድንጋይ ሲጫኑት ይችላል፣ ሲጎትቱት ግን ይለያያል። መፍትሔው ከሲሚንቶና ከፌሮ ጋር መጣ። መሬቱን ጥልቅ አድርጎ ቆፍሮ በእያንዳንዱ ኮለን (ምሰሶ) ሥር የአርማታ ፉቲንግ (የመሠረት እግር) ማስቀመጥና ሁሉንም በግሬድ ቢም (በአግዳሚ የአርማታ ማሰሪያ) ማሰር የተለመደ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ሰባተኛ ክፍሉን ለመሠረት ሰጠ፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ የዲዛይንና የግንባታ ቁጥጥርን በሕግ አጸና።

በኮዬ ፈጬ ግንባታው በሠፈር ደረጃ በአንድ ጊዜ ተካሄደ። እንዲህ ባለ የዋልካ መሬት ላይ ሥራው የሚጀምረው በአፈር ምርመራ ነው፦ ዋልካው ስንት ሜትር ይወርዳል? ከሥሩ ምን አለ? ጥልቀቱ ትንሽ ከሆነ ኤክስካቫተር ጠርጎ ያወጣዋል። ከበዛ የላይኛው ክፍል ተነሥቶ በገረጋንቲ ወይም በአቃቂና በቢሾፍቱ ዙሪያ ካሉት የእሳተ ገሞራ ኮረብታዎች በሚመጣ ቀይ አሸዋ መሰል ድንጋይ፣ በሠራተኛው አጠራር በሬድ አሽ፣ ይተካል። ሙሌቱ በስስ በስሱ እየተነጠፈና ውሃ እየጠጣ በሮለር ይጠቀጠቃል። ከባድ ለሆነ ሕንፃ ነጠላ ፉቲንግ ካልበቃ ሙሉውን ወለል የሚሸፍን አንድ ወፍራም የአርማታ ንጣፍ ይሠራል፣ ወይም ፓይል (ረጅም የመሠረት ምሰሶ) ወደ ጽኑው መሬት ይወርዳል።

ጊዜ እዚህ ላይ ትልቅ ጉዳይ ነው። ክፍት የተተወ ጉድጓድ በበጋ ጎኑ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውሃ ይሞላና ይደረመሳል። ስለዚህ ቁፋሮው እንዳለቀ ስስ የኮንክሪት ንጣፍ ወዲያው ይፈስበታል። ለቤዝመንት ሥጋቱ ይብሳል፤ ያበጠ ዋልካ ግድግዳውን ከጎን ይገፋል፣ ጉድጓዱም የጎረቤት ሕንፃ አጠገብ ከሆነ ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት አፈሩን የሚደግፍ ግድግዳ ወይም የፓይል ረድፍ ያስፈልጋል።

የአፈር ለውጡም የራሱ አደጋ አለው። ሬድ አሽ ውሃ ያሳልፋል፤ ዙሪያውን የከበበው ዋልካ ግን አያሳልፍም። የጣሪያ ውሃ ወይም የተሰበረ ቧንቧ ወደ ሙሌቱ ከገባ መውጫ ያጣና በሕንፃው ሥር እንደ ገንዳ ይጠራቀማል፤ ከዚያ ከታች የቀረውን ዋልካ ያረጥበዋል። ለውጡ ውጤታማ የሚሆነው በሕንፃው ዙሪያ ውሃ የማያስገባ ንጣፍ፣ ተዳፋትና የተዘረጋ ቦይ ሲኖረው ነው። ጥልቀት የሌለው መሠረት ላይ የሚቆሙት አጥሮች፣ ደረጃዎችና የግቢ ንጣፎች ደግሞ ዋናው ሕንፃ ጸንቶ ሳለ ቀድመው የሚሰነጠቁ ናቸው፤ ከእነሱም ሥር ያለው አፈር ተቆርጦ በገረጋንቲ መተካት ይኖርበታል። ውሃ በብዛት የሚስብ ባሕር ዛፍም ከግድግዳ ርቆ መተከል አለበት፤ ሥሩ አፈሩን በአንድ ወገን ካደረቀው መሠረቱ ወደዚያው ይሰምጣል።