ጋሻ መሬትና ጥቁር ሰሌዳ

ከጊዮርጊስ አደባባይ ተነስቶ አራዳን አቋርጦ ወደ አራት ኪሎና ወደ ስድስት ኪሎ ለሚያቀና ሰው፣ መንገዱ የዘመናዊ ትምህርታችን ታሪክ ማውጫ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ተከፈተ፤ የመጀመሪያዎቹ መምህራንም ከግብጽ የመጡ ቅብጦች ነበሩ። በ1917 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን በስማቸው የተጠራውን ትምህርት ቤት አቋቋሙ። በ1923 ዓ.ም. ለሴቶች ልጆች የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ተከተለ። ሦስቱንም በአንድ ከሰዓት በኋላ በእግር ዞሮ ማየት ይቻላል።

ስለ እነዚህ ትምህርት ቤቶች ሲጻፍ ማን እንደ መሠረታቸውና ማን እንደ ተማረባቸው ይነገራል። የሚዘለለው ጥያቄ አንድ ነው፦ ለመሆኑ ማን ከፈለ? ደግሞስ የተከፈለው ገንዘብ ለምን እዚህ አራዳ ዙሪያ ተከማቸ? ይህ አጭር ጽሑፍ የሚከተለው ሰውን ሳይሆን ገንዘብን ነው።

ከጣልያን ወረራ በፊት መልሱ ቀላል ነበር። ትምህርት ቤት የሚከፍተው ቤተ መንግሥትና መኳንንት ስለ ነበሩ ትምህርት ቤቱም እነሱ ካሉበት አይርቅም። በሐረርና በሌሎች ጥቂት ከተሞች የተጀመረ ነገር አልነበረም አልልም፤ ግን ጥቂት ነው። ከዚያ ውጭ ያለው ሕዝብ ልጁን ለቄስ ትምህርት ቤት ወይም ለቁርአን ቤት ይሰጥ ነበር፤ የዚያን ወጪ ደግሞ የሚችለው ራሱ ሕዝቡ ነው። ፒያሳ የሚለውን ስም ያተረፈልን የወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933) የአራዳን ገበያ ወደ መርካቶ አዛወረ፤ የተጀመረውንም የትምህርት ሥራ አፈረሰው። ስለዚህ ከነፃነት በኋላ ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ሊጀመር ግድ ሆነ።

ዋናው ነገር የመጣው በ1940 ዓ.ም. ነው። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬቱን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ ከፍሎ በጋሻ ያስከፍል ነበር። በ1940 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 94 በዚያው መሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጨመረበት። ገንዘቡ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል፣ አወጣጡንም በየጠቅላይ ግዛቱ የሚቋቋም የትምህርት ቦርድ እንዲቆጣጠረው ተደነገገ። ሐሳቡ ላይ ላዩን ሲያዩት ያማረ ነው። ሕዝቡ የከፈለው ለሕዝቡ ይመለሳል፤ የወለጋው ለወለጋ፣ የሲዳሞው ለሲዳሞ። ማን ይህን ይጠላል?

ችግሩ ያለው እዚያው ያማረው ላይ ነው። ገንዘቡ ከተሰበሰበበት ካልወጣ፣ ልጁ የሚያገኘው ትምህርት የሚለካው በልጁ ችሎታ ሳይሆን በአገሩ መሬት ነው ማለት ነው። መሬቱ በጋሻ የተለካበትና ለም ተብሎ የተመዘገበበት ጠቅላይ ግዛት ብዙ ይሰበስባል። መሬቱ ጠፍ የሆነበት ትንሽ ይሰበስባል። ከብቱን ይዞ ውኃ ተከትሎ የሚዞረው አርብቶ አደር ደግሞ የሚለካ ጋሻም ስለሌለው በዚህ ሒሳብ ውስጥ የለም ቢባል ይቀላል። በጎጃም፣ በበጌምድርና በትግሬ መሬቱ ሳይለካ ስለ ቀረ ግብሩ በቆየው ልማድ በቁርጥ ይከፈል ነበር። የጎጃም ገበሬ ቀላድ ያየ እንደሆን ርስቱ የተነካ ይመስለዋል፤ በ1960 ዓ.ም. በወጣው የእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ምን ያህል እንደ ተነሳ የሚታወቅ ነው። ያ ገበሬ ርስቱን ሲጠብቅ ሞኝ አልነበረም። ግን የግብሩና የትምህርት ቤቱ ሒሳብ በአንድ ገመድ ስለ ታሰረ፣ ርስቱን የጠበቀበት ክንድ የልጁን ሰሌዳም አሳነሰው።

በደቡብ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። ግብሩ በባለ መሬቱ ስም ቢጻፍም ባለ መሬቱ ወደ ጭሰኛው ያወርደው ነበር። ጭሰኛው ይከፍላል፤ ትምህርት ቤቱ ግን የሚሠራው በአውራጃው ከተማ፣ ከአስተዳዳሪው ግቢ አጠገብ ነው። ከገጠር እስከ ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ ለሰባት ዓመት ልጅ ምኑ ነው? እንግዲህ ከፋዩ አንድ፣ ተማሪው ሌላ ሆነ ማለት ነው። ልዩነቱ በጠቅላይ ግዛትና በጠቅላይ ግዛት መካከል ብቻ ሳይሆን በአንዱ ጠቅላይ ግዛት ውስጥም ነበር።

ሁለተኛ ደረጃ ሲደረስ መንገዱ ጭራሽ ይጠባል። በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትምህርት ቤትና ከእሱ በኋላ የመጣው ጄኔራል ዊንጌት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ከየጠቅላይ ግዛቱ ጎበዝ ጎበዙን ለቅመው አዲስ አበባ ያስገቡ ነበር። ይህ ለዕድለኛው ልጅ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ምሁሮቻችን በዚህ በር ነው የገቡት። ላገሩ ግን ገንዘቡም ልጁም ወደ አንድ አቅጣጫ መፍሰሱ ነበር። የተማረው ልጅ ወደ መጣበት ቢመለስ ኖሮ የተወሰነው ይካካስ ነበር። ዩኒቨርሲቲው በ1950ዎቹ አጋማሽ ተማሪዎቹን ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር እያወጣ፣ በብዛት በአስተማሪነት ማሰማራት የጀመረው ይህን ክፍተት አይቶ ነው።

በግንቦት 1953 ዓ.ም. የአፍሪካ መንግሥታት የትምህርት ጉባዔ እዚሁ አዲስ አበባ ተደረገ። እ.ኤ.አ. እስከ 1980 ድረስ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ለሁሉም ልጅ ይዳረስ ተባለ። በጉባዔው ላይ የአገሮቹ ቁጥር ጎን ለጎን ሲቀመጥ፣ በነፃነቷ የምትኮራው ኢትዮጵያ ገና ከቅኝ አገዛዝ ከወጡት ከብዙዎቹ ኋላ ሆና ተገኘች። ያ ኀፍረት ሥራ ወልዷል። ከጥቂት ዓመት በኋላ በስዊድን እርዳታ ሕዝቡ ድርሻውን ሲያዋጣ የሚሠሩ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በየቦታው ተተከሉ። እዚህም ላይ ግን ያው የጋሻ መሬት ሕግ በሌላ ልብስ መጣ። ማዋጣት የቻለ መንደር ቀድሞ አገኘ፤ ያልቻለው ጠበቀ። አዲስ አበባ ነጋዴ ልጅ ያለው አገርና ምንም የሌለው አገር እኩል አያዋጡም።

ይህ የኛ በሽታ ብቻ እንዳይመስለን። በአሜሪካ ቴክሳስ፣ በሳን አንቶንዮ ከተማ፣ ትምህርት ቤት የሚተዳደረው በአካባቢው የቤትና የመሬት ግብር ስለ ሆነ፣ የድሃ ሰፈር ወላጆች ጉዳዩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሱት። እ.ኤ.አ. በ1973 ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ ፈረደባቸው። በዚያው ሰሞን እኛ አገር ‹‹ሴክተር ሪቪው›› የተባለው የትምህርት ጥናት ተጠናቅቆ ነበር። ጥናቱ ገንዘቡ ወደ ገጠር እንዲዞር፣ ለብዙኃኑ አጭር መሠረታዊ ትምህርት እንዲዳረስ ሐሳብ አቀረበ። የከተማ ወላጅና አስተማሪ ግን የድሃው ልጅ ከአራተኛ ክፍል እንዳያልፍ የተጎነጎነ ነው ብሎ ተነሳ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ሲያቆሙ አንዱ ጥያቄያቸው ይኸው ነበር። ሁለቱም ወገን ‹‹ለድሃው›› ይል ነበር፤ ልብ በሉ። ገንዘብ ሲያንስ አንዱን ድሃ ከሌላው ድሃ ያማርጣል።

አብዮቱ መሬቱን ከባለ መሬት ወሰደ፤ የግል ትምህርት ቤቶችንም የሕዝብ አደረገ። የእድገት በኅብረት ዘመቻ በ1967፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በ1971 ዓ.ም. ፊደልን በፊት ወዳልደረሰበት አደረሱት። ቢሆንም መንግሥት ደመወዝ እየከፈለ፣ ሕንፃውን ቀበሌና ገበሬ ማኅበር እያዋጣ መሥራቱ ቀጠለ። መዋጮ ባለበት ልዩነት አለ።

ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት ወዲህ ሒሳቡ ተገልብጧል። ዛሬ ክልሎች ከራሳቸው ገቢ ሌላ ከፌዴራል መንግሥት ድጎማ ያገኛሉ፤ ቀመሩን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮም በትልልቆቹ ክልሎች ገንዘቡ በጥቅል ወደ ወረዳ መውረድ ጀመረ። ቀመሩ ለደካማው የሚያደላ ስለ ሆነ ጋምቤላ፣ አፋርና ቤንሻንጉል ጉሙዝ በነፍስ ወከፍ ከአማራና ከኦሮሚያ የበለጠ ያገኛሉ። እንግዲያው ነገሩ አለቀ? አላለቀም። ሕዝቡ ተራርቆ በሚኖርበት ቆላ አንድን ክፍል ለመክፈት የሚወጣው ገንዘብ ብዙ ነው። በየወረዳውም ከትምህርት በጀቱ ደመወዝ ሲነሳ ለጠመኔ፣ ለመጽሐፍና ለቤተ ሙከራ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ጦርነት ያፈረሳቸውን ትምህርት ቤቶች ደግሞ የትኛውም ቀመር ቀድሞ አላሰባቸውም።

አዲስ አበባ ከዚህ ድጎማ ውጭ ሆና በራሷ ገቢ ትተዳደራለች። ገቢዋ ግን የአገሪቱ ንግድ የተሰበሰበበት ገቢ ነው። በ2012 ዓ.ም. ከተማዋ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ምግብ፣ የደንብ ልብስና ደብተር ማቅረብ ጀመረች። በፒያሳ ዙሪያ ባዶ ሆዱን ክፍል ይገባ የነበረው ልጅ ቁርስ በልቶ ተማረ። ይህን የሚነቅፍ ሰው ልቡ ድንጋይ መሆን አለበት። ነገር ግን የሰቆጣው ልጅም ሆድ አለው። እሱን የሚያበላው ገንዘብ ግን እሱ ካለበት አይሰበሰብም፤ የ1940ው አዋጅ ያመጣው ነገር ይኸው ነው።

በዶርማችን ስድስት ነን፤ የመጣነውም ከአራት ክልል ነው። አንዱ ማይክሮስኮፕ በእጁ የነካው እዚህ ከገባ ወዲህ ነው። ስድስታችንንም የፈተነን ግን አንድ ፈተና ነው። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ያኔ ሁሉም ተማሪውንና አስተማሪውን ወቀሰ። ለእያንዳንዱ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ያህል እንደ ወጣበት የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ፈተናው አንድ ከሆነ ወጪውም አብሮ መነገር ነበረበት።

ስለዚህ የምለው ቀላል ነው። በየትምህርት ቤቱ በር የፈተና ውጤት ይለጠፋል፤ ከጎኑ ለአንድ ተማሪ በዓመት የወጣው ብርም ይለጠፍ። የአራዳው ከሰቆጣው፣ የሰቆጣው ከጎዴው ጋር ይተያይ። እኛም ይህን ቡለቲን የምናነብ የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች ስለ መሥራቾች መጻፋችን ጥሩ ነው፤ ግን ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ የወረዳውን የበጀት መዝገብ ጠይቀን እንመልከት። የአያቶቻችን የግብር ደረሰኝ በየሣጥኑ ያለ እንደሆነም አብረን እናምጣው። ማን ከፍሎ ማን እንደ ተማረ ከዚያ ይታያል።